ዘግይቶ የተደመጠ ሸክላ፦ የ«ፕሪቴንደርስ» የመጀመሪያ አልበም በአዲስ ጆሮ

አራት ሰዎች ከባዶ ዳራ ፊት ቆመው ካሜራውን ያያሉ። ሦስቱ ወንዶች፣ አንዷ ሴት ናት። ሴቲቱ ደማቅ ቀይ የቆዳ ጃኬት ለብሳለች፤ እጇ ላይ የዳንቴል ጓንት አለ፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ የለም። ወንዶቹ አጃቢ አይመስሉም፤ እሷም ጌጣቸው አትመስልም። ሸክላውን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የያዘ ሰው፣ መርፌው ገና ሳይነካው፣ ከዚህ ሥዕል አንድ ነገር ይረዳል፦ እዚህ ውስጥ አድማጭን ለመለማመጥ የተዘጋጀ ሰው የለም።

የባንዱ ስም ከፊታቸው ጋር ይስማማል። «ፕሪቴንደር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ጎን አለው። አንደኛው «አስመሳይ» ማለት ነው፤ ባንዱም ስሙን ያገኘው በ1950ዎቹ «ዘ ፕላተርስ» የተባለው የድምፃውያን ቡድን ካስታወቀው፣ የልቡን ስብራት በሳቅ ስለሚሸፍን አስመሳይ ከሚናገር ዘፈን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛውን ጎን የታሪክ አንባቢዎች ያውቁታል፤ ዙፋን ላይ ሳይቀመጥ «ዙፋኑ ለእኔ ይገባል» የሚል ሰው በእንግሊዝ የታሪክ መጻሕፍት የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። አልበሙን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው «ይገባኛል ባዮቹ» የሚለውን ትርጉም የተሻለ ሆኖ ሳያገኘው አይቀርም።

አልበሙ ለገበያ የቀረበው በጥር 1980፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሌሊት በሰዓት እላፊ የታጠረ ነበር፤ ከምዕራቡ ዓለም የሚመጣ የኪነ ጥበብ ሥራም በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር። ስለዚህ ለንደንና ኒው ዮርክ ውስጥ ሥራው ትኩስ ሆኖ ሲሰማ፣ አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ ወይ ስሙን አልሰማም፣ ወይ ገና አልተወለደም። እንዲህ ዓይነቱ መዘግየት የራሱ ጥቅም አለው። በዘመኑ ሥራውን የሰሙት ሰዎች «ፐንክ ነው ወይስ ፖፕ?» እያሉ ሲከራከሩ ጊዜ አጥፍተዋል፤ ዘግይቶ የደረሰው አድማጭ ግን ከዚህ የሠፈር ጠብ ነፃ ነው። ሮክ ሲባል በአእምሮው የሚመጣለት ረጅም ፀጉር ያለው ወንድና ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ከሆነም፣ ይህን ግምቱን የሚያፈርስለት ከዚህ አልበም የተሻለ ብዙ አያገኝም።

የባንዱ መሪ ክሪሲ ሃይንድ በ1951 አክረን በምትባል የኦሃዮ ከተማ ተወለደች። አክረን በዚያን ዘመን የመኪና ጎማ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች። ሃይንድ በአቅራቢያው ባለው በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ስታጠና፣ በግንቦት 1970 የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በተቃዋሚ ተማሪዎች ላይ ተኩሰው አራት ሲገድሉ እዚያው ግቢ ነበረች። በ1973 ጓዟን ጠቅልላ ለንደን ገባች። ለጥቂት ጊዜ «ኒው ሙዚካል ኤክስፕረስ» በተባለው ሳምንታዊ የሙዚቃ ጋዜጣ ላይ ሂስ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ዓመታት ባንድ ለማቋቋም ስትሞክርና ሲፈርስባት አሳለፈች። ኋላ ላይ ስመ ጥር የሆኑ የፐንክ ወጣቶች በዙሪያዋ ነበሩ፤ አንድ በአንድ ባንድ መሥርተው ሲወጡ እሷ ጊታሯን ይዛ ቀረች። በ1978 ፒት ፋርንደን የተባለ የቤዝ ጊታር ተጫዋች አገኘች። እሱም ሄርፎርድ ከምትባለው የትውልድ ከተማው ሊድ ጊታሪስቱን ጄምስ ሃኒማን-ስኮትን አመጣ፤ ድራመሩ ማርቲን ቻምበርስም የዚያችው ከተማ ልጅ ነው። ሄርፎርድ በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር አጠገብ የምትገኝ፣ በከብት ዝርያዋ የምትታወቅ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። አልበሙ ሲወጣ ሃይንድ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ለሮክ ዓለም ይህ ወጣትነት አይደለም። በድምፅዋ ውስጥ የሚሰማው ትዕግሥት ማጣትም ሆነ ርጋታ ከእነዚህ የጥበቃ ዓመታት የመጣ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

እዚህ ላይ የሴቲቱን ቦታ በትክክል ማየት ያስፈልጋል። በብዙ የሙዚቃ ባህሎች ሴት ድምፃዊት ከባንዱ ፊት ትቆማለች፤ ባንዱ ግን የእሷ አይደለም። በኢትዮጵያ ወርቃማ የሙዚቃ ዘመን ብዙነሽ በቀለ የክብር ዘበኛን ባንድ ከኋላዋ አድርጋ ስትዘፍን ድምፅዋ አዳራሹን ይገዛ ነበር፤ መሣሪያው፣ ቅንብሩና የሥራው ትዕዛዝ ግን በሌሎች እጅ ነበር። አስናቀች ወርቁ ደግሞ ሌላ ናት፤ ክራሩ በራሷ ጣቶች ሥር ስለነበረ ዜማው መቼ እንደሚፈጥንና መቼ እንደሚቆም የምትወስነው እሷው ነበረች። ሃይንድ ከሁለቱ ለአስናቀች ትቀርባለች። ሪትም ጊታሩን የምትመታው እሷ ናት፤ ከአልበሙ አሥራ ሁለት ሥራዎች አብዛኞቹን የጻፈችው እሷ ናት፤ ሰዎቹን የሰበሰበችውም እሷ ናት። በጆሮ የሚታወቀውም ይኸው ነው። ዘፈኖቹ የሚንቀሳቀሱት በድራሙ ትዕዛዝ ሳይሆን በቀኝ እጇ አመታት ነው፤ ቻምበርስ እንኳ፣ ያን ያህል ኃይለኛ ድራመር ሆኖ ሳለ፣ ክሮቹ ላይ የምታሳርፈውን ምት ተከትሎ ሲሄድ ይሰማል።

የመጀመሪያው ዘፈን «ፕሪሸስ» ይህን ሁሉ በሦስት ደቂቃ ተኩል ያስረዳል። የታፈነ የጊታር ክር ፍተጋ ይቀድማል፤ ከዚያ ባንዱ እንደ ተለቀቀ ውኃ ይገባል። ሃይንድ ግማሹን ትናገራለች፣ ግማሹን ትዘፍናለች፤ የትውልድ አገሯን የኦሃዮን ጎዳናዎች፣ የክሊቭላንድን ሌሊት፣ ከማን ጋር እንደሆነ በግልጽ ያልተነገረ ፍትጊያ እያነሳች ታልፋለች። ወደ መጨረሻው ሬዲዮ ጣቢያዎች ሊያሰሙት ያልቻሉት የብልግና ቃል አለ። ቃሉ ለማስደንገጥ የገባ አይመስልም፤ ሴቲቱ በሩን ስትዘጋ የሚሰማ የበር ድምፅ ነው። የመጀመሪያ አልበሙን እንዲህ ባለ ዘፈን የሚከፍት ባንድ ገበያ የሚለምን አይደለም። ገበያው ግን አልሸሸም፤ አልበሙ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በአሜሪካ ደግሞ ዘጠነኛ ሆኗል።

የሸክላው አንደኛ ገጽ በአመዛኙ አጫጭር፣ ፈጣንና የሚቆራርጡ ዘፈኖች የያዘ ነው። «ዘ ፎን ኮል» እና «ታቱድ ላቭ ቦይስ» በሰባት በሚቆጠር ምት ላይ የተሠሩ ናቸው። በችክችካ ያደገ ጆሮ ይህን ወዲያው ይይዘዋል፤ ችክችካ በስድስት ተቆጥሮ ክቡን ይሞላል፤ ሰባት ግን ሊዘጋ ሲል አንድ እርምጃ ይጨምርና አድማጩን ያደናቅፋል። ሮክ ውስጥ እንዲህ ያለ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የነበረው በሠለጠኑ፣ ረጅም ዘፈን በሚወዱ ባንዶች ዘንድ ነው፤ እነሱም ጎበዝነታቸው እንዲታይላቸው ይሠሩበት ነበር። ሃይንድ ግን ሙዚቃ በትምህርት ቤት አልተማረችም። ስንኟ የሚፈልገውን ያህል ቦታ ስለ ወሰደች ብቻ ቁጥሩ ሰባት ሆኗል፤ ሦስቱ ወንዶችም «ስሕተት ነው» ብለው ወደ አራት አልመለሱትም። ከዚህ አልበም ምሥጢሮች አንዱ ይህ የእነሱ ጨዋነት ነው።

«ታቱድ ላቭ ቦይስ» ላይ ግን መቆም ይገባል፤ ዛሬ የሚሰማው አድማጭ በ1980 የሰማው የማያውቀውን ነገር ያውቃልና። ሃይንድ በ2015 «ሬክለስ» በሚል ርእስ ባሳተመችው ግለ ታሪክ ውስጥ፣ በወጣትነቷ በኦሃዮ የሞተር ብስክሌት ቡድን አባላት ያደረሱባትን ወሲባዊ ጥቃት ጽፋለች። መጽሐፉ ሲወጣ በሰጠችው ቃለ ምልልስ ለደረሰው ነገር ኃላፊነቱን ራሷ እንደምትወስድ በመናገሯ፣ ለተጎጂዎች ከሚሟገቱ ወገኖች ብርቱ ነቀፌታ ገጠማት። ነቀፌታው ተገቢ ነበር፤ ጥፋት የአጥፊው ነው። ብዙዎች ይህን ታሪክ ከዘፈኑ ጋር ያያይዙታል፤ ስንኞቹም ለዚህ በር ይከፍታሉ። ታዲያ ዘፈኑን ዛሬ እንዴት መስማት ይቻላል?

አንዱ መንገድ መጽሐፉን ቁልፍ አድርጎ ዘፈኑን በእሱ መክፈት ነው። ይህ መንገድ ቀላል ቢሆንም ዘፈኑን ያሳንሰዋል። ዘፈኑ ኑዛዜ አይደለም፤ ርኅራኄም አይለምንም፤ ይቅርታም አይሰጥም። የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። ምቱ ይሮጥና በድንገት ይቆረጣል፤ በተቆረጠበት ቦታ የሃኒማን-ስኮት ጊታር እንደ ተሰበረ መስታወት ይበተናል፤ እንደገና ይሮጣል፣ እንደገና ይቆረጣል። ድምፃዊቷ በፌዝና በቁጣ መካከል ናት፤ የትኛው እንደሆነ ስታስታውቅ ግን አትገኝም። በቃለ ምልልሱ ያለችውና በዘፈኑ ያለችው ሴት አንድ ሰው ቢሆኑም አንድ ነገር አይናገሩም፤ ከሁለቱ ይበልጥ የምታውቀው የዘፈኗ ሴት ናት። ሠላሳ አምስት ዓመት ቆይታ ከሰጠችው ማብራሪያ ይልቅ የተደናቀፈው ሰባት ምት የሆነውን ነገር በታማኝነት ይዞታል።

ከዚህ ጎን «ስፔስ ኢንቬደር» ያለ ድምፅ የተሠራ ሙዚቃ ነው። ፋርንደንና ሃኒማን-ስኮት የጻፉት ሲሆን በዚያን ዘመን ቡና ቤቱን ሁሉ ከወረረው የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ስሙንም ድምፁንም ወስዷል። ለዘመኑ ትዝታ ይሆናል እንጂ ቢቀር የሚናፍቀው አይኖርም። «ዘ ዌይት» በአንጻሩ ከአልበሙ ምርጥ ጊዜያት አንዱ ነው፤ ጊታሮቹ ቃላቱን እየቆራረጡ፣ ሃይንድም የምትለው እስከማይያዝ ድረስ ፈጥና ስትናገር፣ መጠበቅ የሚባለው ነገር ከውጭ ጸጥታ ቢመስልም ከውስጥ ሩጫ መሆኑን ያሰማል።

አንደኛውን ገጽ የሚዘጋው «ስቶፕ ዩር ሶቢንግ» የባንዱ ሥራ አይደለም። ሬይ ዴቪስ «ዘ ኪንክስ» ለተባለው ባንዱ የጻፈው ሲሆን በ1964 የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ይገኛል። «ፕሪቴንደርስ» በ1979 መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላቸው አድርገው አወጡት፤ ያሳተመላቸውም ኒክ ሎው ነበር። ይህን ዘፈን በአማርኛ ጆሮ የሚሰማ ሰው ከእንግሊዛውያኑ አድማጮች የተሰወረ አንድ ችግር ወዲያው ይገጥመዋል። ርእሱ በእንግሊዝኛ ጾታ የለውም። አማርኛ ግን ዝም ብሎ አያሳልፍም፤ «ልቅሶሽን አቁሚ» ወይም «ልቅሶህን አቁም» ካላሉ በቀር አንድ እርምጃ መራመድ አይቻልም። ዴቪስ ሲዘፍነው «አቁሚ» ነው፤ ወንድ የሴትን እንባ የሚቆጣበት የዘመኑ ተራ ዘፈን። ሃይንድ አንዲት ቃል ሳታፈርስ ስትዘፍነው «አቁም» ይሆናል፤ ሴት ፊት ለፊቷ የሚያለቅስ ወንድ ተቀምጧል፤ እሷ ልታባብለው አልመጣችም፤ መሄጃዋን ቆርጣለች። እንግሊዝኛው ይህን መገለባበጥ በድምፁ ብቻ ያስተላልፋል፤ አማርኛው ግን በግሱ መጨረሻ ያጋልጠዋል። አማርኛ ተናጋሪ አድማጭ ለዚህ አልበም ዘግይቶ ቢደርስም፣ ከቋንቋው ያገኘው ይህ ትርፍ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ገጽ የሚጀምረው በ«ኪድ» ነው፤ ይኸው የ«አንተ»ና የ«አንቺ» ጉዳይ እዚህ ይበልጥ ይከብዳል። «ልጅ» የሚለው ጥሪ ለፍቅረኛም ሊሆን ይችላል፤ ዘፈኑም እንደ ፍቅር ዘፈን ሲሰማ ኖሯል። ሃይንድ ስትጠየቅ ግን የተናገረችው ሌላ ነው፤ አንዲት ሴተኛ አዳሪ ልጇ ሥራዋን ሲያውቅ የምትነግረው ቃል ነው። ይህን የሰማ አድማጭ ዘፈኑን ሁለተኛ ጊዜ ሲጫወት ዜማው ያው ሆኖ ሳለ ትርጉሙ ይለወጥበታል። «አንተ ልጅ» የምትለው ሴት ይቅርታ አትጠይቅም፤ ራሷንም አትረግምም፤ የልጁን ዓይን ግን መሸሽ አልቻለችም። የሃይንድ ድምፅ እዚህ ላይ የሚርገበገብበት መንገድ የአልበሙ ትልቁ ሀብት ነው። ኃይል በሚፈልገው ቦታ ድምፁ ይቀንሳል፤ ሊሰበር ሲደርስ ይያዛል። እንጉርጉሮ የሚያውቅ ሰው ይህን የመያዝ ጥበብ ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

የሃኒማን-ስኮት ብቸኛ የጊታር ጨዋታም በ«ኪድ» መካከል ይገኛል። አጭር ነው፤ ከዜማው ተነስቶ ዜማውን አንድ እርከን ከፍ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ቦታውን ይለቃል። በዘመኑ የነበሩ ጊታሪስቶች ወይ እንደ ፐንኮቹ ብቸኛ ጨዋታን ንቀው ይተዉት ነበር፣ ወይ እንደ ቀደሙት አምስት ደቂቃ ያንዛዙት ነበር። ይህ የሃያ ሁለትና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ግን ጊታሩን እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ ነው የተጠቀመበት። ለአልበሙ ውበት ከሃይንድ ቀጥሎ ተጠያቂው እሱ ነው፤ የእሷን ስለታም ጠርዝ ሳያደነዝዝ ብርሃን የሰጠው የእሱ እጅ ነው። አሳታሚው ክሪስ ቶማስም ይህን ገብቶት ሁለቱን ጊታሮች በጥንቃቄ ለያይቷቸዋል፤ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ያበራል። ቶማስ ከ«ቢትልስ» ጋር የሠራ፣ በ1977 የወጣውን የ«ሴክስ ፒስቶልስ»ን አልበምም ካሳተሙት አንዱ የሆነ ሰው ነው፤ ከጨዋውም ከጋጠ ወጡም ሙዚቃ የተማረውን እዚህ አጋጥሞታል።

«ፕራይቬት ላይፍ» ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚፈጅ፣ በሬጌ ስልት የተሠራ ዘፈን ነው። በዚያን ዘመን የለንደን ነጭ ወጣቶች ሬጌን ከካሪቢያን ጎረቤቶቻቸው እየሰሙ ይቀዱ ነበር፤ ብዙዎቹም ሲቀዱ ላዩን ብቻ ይዘው ቀርተዋል። ሃይንድ የወሰደችው ቀስታውን ነው። አንድ ሰው የትዳሩን ጣጣ ሊያራግፍባት ይመጣል፤ እሷ ደግሞ ይህን ጉድህን ወዲያ ውሰድልኝ ትለዋለች፤ ምቱ አለመቸኮሉ ንቀቱን ያከብደዋል። በዚያው ዓመት ግሬስ ጆንስ ዘፈኑን ከጃማይካውያኑ ስላይ ዳንባርና ሮቢ ሼክስፒር ጋር እንደገና ሠርታዋለች፤ ደፍሮ ለመናገር የእሷ ይበልጣል። የ«ፕሪቴንደርስ» ቅጂ ጥሩ ዘፈን በተውሶ ልብስ ነው፤ የጆንስ ግን ልብሱ በልኩ የተሰፋለት ነው።

ከዚህ በኋላ አልበሙን በዓለም ያስታወቀው «ብራስ ኢን ፖኬት» ይመጣል። ርእሱ ቃል በቃል «ናስ በኪስ» እንደማለት ነው፤ በሰሜን እንግሊዝ ሰዎች አነጋገር ናስ ማለት ገንዘብ ነው። ኪሷ ሳንቲም የያዘላት ሴት ዛሬ ማታ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ያርፋል ብላ ትወጣለች። ዘፈኑ በነጠላ ሸክላ በኅዳር 1979 ወጥቶ በጥር 1980 በእንግሊዝ አንደኛ ሆኗል። ሃይንድ መጀመሪያ ላይ ዘፈኑን እንዳልወደደችው ደጋግማ ተናግራለች፤ ነገሩ አያስገርምም፤ ከ«ፕሪሸስ» ሴት ይልቅ ይህቺኛዋ የለሰለሰች ትመስላለች። ግን አድማጩ አይቸኩል። ዘፈኗ ውስጥ ክንዷን፣ እግሯን፣ ጣቶቿን እያነሳች በእነዚህ ሁሉ ዓይን እስባለሁ ትላለች፤ በመጨረሻም ምናቧን ከአካሏ ክፍሎች ጋር አብራ ትቆጥረዋለች። ደብተራ ለቅዱሳን ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር መልክዕ እንደሚደርስ፣ ይህች ሴት የገዛ ራሷን መልክዕ ደርሳለች። የሴትን አካል ክፍል በክፍል መደርደር በዓለም ዘፈኖች ሁሉ የወንድ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቷ ራሷ ስትደረድረው ነገሩ ከውዳሴ ወደ ይዞታ ማረጋገጫ ይለወጣል።

የዘፈኑ ቪዲዮ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ ኤም ቲ ቪ በነሐሴ 1981 በተከፈተበት ቀን መጀመሪያ ላይ ካስተላለፋቸው ጥቂት ቪዲዮዎች አንዱ ነው። ሃይንድ በአንድ ተራ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ሆናለች። ሦስቱ የባንዱ አባላት በመኪና ይመጣሉ፤ ሴቶች ይከተሏቸዋል፤ ሁሉም ተያይዘው ይሄዳሉ፤ እሷ ከጠረጴዛው ጋር ትቀራለች። ድምፁ «እዩኝ» ይላል፤ ምስሉ ደግሞ ማንም እንዳላያት ይመሰክራል። ቪዲዮውን ያዩ ብዙዎች ዘፈኑን የድል ዘፈን አድርገው መስማታቸውን መቀጠላቸው እንግዳ ነገር ነው።

ስለ «ላቨርስ ኦቭ ቱዴይ» ብዙ ማለት አይቻልም፤ ጥሩ አጀማመር ያለው፣ ከልኩ በላይ የረዘመ የፍቅር ዜማ ነው። «አፕ ዘ ኔክ»ም በአንደኛው ገጽ ላይ በሁለት ሰባት ምቶች መካከል ተቀምጦ የማረፊያ ሥራ ይሠራል፤ ከዚያ አያልፍም። መዝጊያው «ሚስትሪ አቺቭመንት» ግን እንደ መዝጊያ ሳይሆን እንደ ጉዞ መጀመሪያ ነው የሚሰማው። ድራሙ ይቀድማል፤ ቀጥሎ የፋርንደን ቤዝ ጊታር ይገባል፤ ዘፈኑ ሁሉ በዚያ ቤዝ ላይ ይሰቀላል። ፋርንደን ባንዱን ያሰባሰበ ሰው ሆኖ ሳለ በአልበሙ ውስጥ ስሙ የሚጠፋበት ነው፤ እዚህ ግን ባይኖር ቤቱ ይፈርስ ነበር።

አዲሱ አድማጭ ከዚህ በኋላ የሚያነበውን ነገር ማስቀረት አይቻልም። በሰኔ 1982 ፋርንደን በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ከባንዱ ተባረረ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ሃኒማን-ስኮት፣ ገና የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሳለ፣ በኮኬይን ሳቢያ በደረሰ የልብ ድካም ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ፋርንደን ራሱ በሠላሳ ዓመቱ ሞተ። በሽፋኑ ላይ ካሜራውን ከሚያዩት አራት ሰዎች ሁለቱ፣ ፎቶው ከተነሳ አራት ዓመት ያህል ሳይቆዩ አልፈዋል ማለት ነው። ይህን አውቆ አልበሙን መልሶ የሚያጫውት ሰው በእያንዳንዱ የጊታር ምት ውስጥ ሐዘን መፈለግ ይቀናዋል፤ ሙዚቃው ግን ይህን አይፈቅድለትም። ሰዎቹ በ1979 ለንደን ውስጥ ሲቀርጹት ምንም አያውቁም ነበር፤ ወጣቶች ነበሩ፤ ሥራው እየተሳካላቸው እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ የሚሰማውም ደስታቸው ነው። ሐዘኑ በ1984 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው «ለርኒንግ ቱ ክሮል» ውስጥ በቂ ቦታ አግኝቷል።

ሃይንድና ቻምበርስ በአዳዲስ ሰዎች ባንዱን አቁመው በሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በፊላደልፊያ በ«ላይቭ ኤይድ» መድረክ ላይ ወጥተዋል። መድረኩ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ገንዘብ የሚሰበሰብበት ነበር። ስለዚህ ይህ ባንድና ኢትዮጵያ አንድ ቀን በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ተጠርተዋል፤ የተጠሩት ግን አንዱ ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ ሆነው ነው። በዚያ ቀን ቴሌቪዥን ላይ የነበረው የኢትዮጵያ ሰው ፊት እንጂ ጆሮ አልነበረውም፤ ስለ ሙዚቃው ምን ይል እንደሆነ የጠየቀው የለም። የአማርኛ አንባቢ ዛሬ ይህን ሸክላ አስቀምጦ «ፕራይቬት ላይፍ» በጆንስ ይሻላል፣ «ስፔስ ኢንቬደር» ቢቀር ምን ነበረበት፣ «ኪድ» ግን አቻ የለውም ብሎ ሲፈርድ፣ ያን ቀን ያልተጠየቀውን መልስ እየሰጠ ነው።

አልበሙን በዲጂታልም ሆነ በሸክላ ማግኘት ዛሬ አይቸግርም። አርባኛ ዓመቱን በማስመልከት በ2021 የታተመው ቅጂ የሙከራ ቀረጻዎችንና የመድረክ ሥራዎችን ጨምሮ ይዟል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሰው ግን ጭማሪዎቹን ለጊዜው ይተዋቸው፤ አሥራ ሁለቱን ብቻ፣ በተደረደሩበት ቅደም ተከተል፣ ከ«ስቶፕ ዩር ሶቢንግ» በኋላ ሸክላ የሚገለበጥበትን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ይስማቸው።